ሰባተኛው ረቂቅ

እኔ ደራሲ አይደለሁም፤ የድርሰት አርታኢ ነኝ፤
ካርዲፍ ወደብ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ዝናብ መስኮት ሲመታብኝ፣
የጣቢያውን ለጸሐፊ፣ የጸሐፊን ለጣቢያ
አለስልሼ የማደርስ፣ የሁለት ወገን መሸጋገሪያ።

ሄለድ የመጣች በጥቅምት፤ ካፖርቷ ውሃ ያዘንባል፤
ስልሳ ገጿ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደርቋል።
አባቷ ኤምሪስ፣ ነፍሱን ይማር፣
በሰሜን ዌልስ የሌሊት አውቶቡስ ነጂ ነበር።
ሠላሳ ዓመት ያንኑ መንገድ፣ ከድንጋይ ካባው እስከ ባሕሩ፤
የመጨረሻው ሰው ወርዶ ሲዘጋ በሩ፣
በጋብቻ ቀለበቱ መሪውን ይመታል ሁለቴ፤
«አበቃ» ማለቱ ነው፤ «መጣሁ እንግዲህ ወደ ቤቴ»።

ሌላ ምንም አይሆንም። ሰው ይወጣል፣ ሰው ይወርዳል፤
አንዲት ነርስ ታንቀላፋለች፤ አንድ ሰካራም ይቅርታ ይላል።
አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤
ይህን ለማንም አልተናገርኩ።
የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ረቂቅ ነበር እንደ ስሙ፤
ባይነኩት የሚታይ፣ ሲነኩት የሚጠፋ ቀለሙ።

ነስታ ፒው፣ የድራማ ኃላፊዋ፣ ወደደችው። እውነት ነው።
«ልቤን ነካኝ» አለች፤ ቀጥላ፦ «ግን ለማን ነው?
ማክሰኞ ማታ፣ ሦስት ሰዓት፣ ያለን ክፍት ቦታ ያ ነው፤
በዚያ ሰዓት ተመልካቹ ሬሳ ነው የሚጠብቀው።
በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ቢሞትስ?» በትሕትና።
እኔም ላክሁት፦ ማስታወሻ ቁጥር አንድ፣ ከታላቅ ምስጋና።

በሁለተኛው ረቂቅ ነርሷ ሞተች፣ ኋላ ወንበር ላይ፤
በሦስተኛው ሰካራሙ ተጠርጣሪ፣ ይቅርታውም ክህደት መሳይ።
በአራተኛው ነጂው ጎረመሰ፦ «ስልሳ ዓመት አይሸጥም»፤
በአምስተኛው የቀድሞ ፖሊስ፦ «ነጂ ብቻ አይበቃም»።
በስድስተኛው የዝግጅቱ ገንዘብ አለቀ።
ሄለድ ቀን ተተኪ መምህር፣ ሌሊት ጸሐፊ፤ ዓይኗ ጠለቀ።

እሷ ላባቷ ማስታወሻ ብላ ያቆመችውን ሐውልት
እኛ ማስታወሻ በማስታወሻ ላይ እየጫንን መቃብር አደረግንበት።

ነስታ በየካቲት ለቀቀች፤ ኬክ ቆረስን፣ አጨበጨብን፤
ተተኪዋ ትሬፎር ሜሪክ «ከሥሩ እንየው» አለን።
አንብቦ ደወለ፦ «ጥሩ ነው፤ ግን የጎደለው አለ፤
እንዲያው... ጸጥታ ቢጤ፣ አንድ ረቂቅ ነገር» አለ።

ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ።
የመጀመሪያው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ።
አላወጣሁትም። የቤት ኪራይ አሰብኩ፣ ፈራሁ ለራሴ።

ሰባተኛው ረቂቅ፣ ረቂቅነት ስሙ ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ጸደቀ።
(ሙትም ይጸድቃል።) ውሉ ተፈረመ፤ ቀለሙ ደረቀ።

አንድ ኃጢአት ሠርቻለሁ፤ ወይም አንድ ጽድቅ፤ አላውቅም፤
ክፍል አራት፣ ገጽ አርባ አንድ፣ በቅንፍ ውስጥ። ቅንፍ የሚያነብ ኃላፊ የለም፦
(ሞተሩን ያጠፋል። በቀለበቱ መሪውን ሁለቴ ይመታል።)
ተዋናዩ አነበበው። ለምን ሳይል፣ እንደተጻፈው አድርጎታል።

ክፍሉ በተላለፈ ምሽት ሄለድ እናቷ ዘንድ ነበረች።
እናትየዋ ሹራብ ትሠራለች፤
ማን ማንን እንደገደለ አልገባትም፤ ያን ጎረምሳ ፖሊስም አታውቀው፤
ቀና ብላም አላየችው።
ቀለበቱ መሪውን ነካ፤ አንዴ፣
ደግሞ አንዴ፤
መርፌዋን አስቀምጣ ተነሣች፤
የውጭውን በር መቀርቀሪያ ከፈተች።

በማግስቱ ከጣቢያው ደብዳቤ፦ ተመልካቹ ከታሰበው በላይ ነው፤
ሁለተኛ ዙር ሳይታሰብ አይቀርም። ከግርጌው አንድ ማስታወሻ አለው፦
«ገጽ አርባ አንድ፤ ነጂው መሪውን ሁለቴ ለምን ይመታል?
ለወደፊቱ አንዱ ቢቀነስ፣ ሦስት ሰከንድ ይተርፋል።»

እስካሁን አልመለስኩም።